ምድር በምን እንደዳነች ላልነገሩን የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን አሞዎት እንደነበር ትኬት ቆራጯ ስትነግረኝ አዝኜ ነበር፤ አሁን ቀና ብለው መሄድ መጀመርዎን ስሰማ ደግሞ ደስ አለኝ። ከሁሉም በላይ ግን ጆሮዎን ይጠብቅልን። የሰፈሩን ሰው አስተያየት ትንሽ ትልቅ ሳይል፣ ፊልሙን ያየውንና ያላየውን ሳያበላልጥ የሚቀበል ጆሮ በየቦታው አይገኝምና፣ ብርድ እንዳይመታው በጥጥ ጠቅልለው ቢይዙት አይበዛበትም።

ራሴን ላስተዋውቅ። በውሃ መሥሪያ ቤት የቅሬታ መስኮት ላይ ተቀምጬ የምሠራ ሴት ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ሲቆጣኝ አመሰግናለሁ እንድል ነው። ውሃ ሲጠፋ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ውሃ መጥቶ ክፍቱን ያደረ ቧንቧ የሰው ምንጣፍ ሲያርስም ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። በዚህ ምክንያት ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብ፣ የትኛው ሰሚ እንደሚያገኝና የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ከመስኮቱ ማዶ ቆሜ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዋን ቅሬታዬን ለእርስዎ ማቅረቤን እንደ ክብር እንዲቆጥሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ ሰሞኑን የሚያሳዩት፣ ምድርን ስለማዳን የሚተርከው ፊልም ነው። ፊልሙን በእርስዎ ሲኒማ ቤት ያዩ የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢዎች ታሪኩን ሊያውቁት ስለማይችሉ፣ መጀመሪያ ሰሞን ከገቡት ሰዎች እንደሰማሁት ባጭሩ ልንገራቸው። ከሩቅ የመጣ የአቧራ ደመና ፀሐይን ይጋርዳታል። ባሕሩ ከዳር ጀምሮ በረዶ ይሆናል፣ ከተሞች ይጨልማሉ። ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ከተማ የሚያህል መስታወት ሰማይ ላይ ዘርግተው ብርሃኑን ወደ ምድር ለመመለስ ይወስናሉ። አንዲት የጠፈር መንኩራኩር የታጠፈውን መስታወት ተሸክማ ትሄዳለች፤ ሊዘረጋ ሲል ግን አንደኛው ማጠፊያ አልከፈትም ይላል። ያን ጊዜ የመንኩራኩሯ መካኒክ ብቻውን ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ መካኒክ ምድር ላይ የቀረች ሚስት አለችው፤ ሥራዋ የሬዲዮ መገናኛው ላይ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈዋል። የሚነጋገሩት በመንኩራኩሯ አዛዥ በኩል ነው። እሷ «ለመካኒኩ ንገርልኝ» ትላለች፣ እሱ «ንገርልኝ ለሬዲዮዋ ሴትዮ» ይላል፣ አዛዡም ምድርን የማዳኑ ሥራ አልበቃ ብሎት መሐል ገብቶ ሲመላለስ ይኖራል። ይህን ሰው እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ማዘኔ ለእሱ ነው፣ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የተመልካችን አስተያየት ለመስማት ያለዎት ጉጉት የሚደነቅ ነው። ሌሎች ሲኒማ ቤቶች ሰው ወጥቶ ሲያበቃ በሩን ከኋላው ይዘጋሉ፤ ከተመልካቹም ጋር በዚሁ ይለያያሉ። እርስዎ ግን ከፈንዲሻ መሸጫው አጠገብ ማይክራፎን አቁመው፣ ራስዎ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ የሚናገረውን ሁሉ አንገትዎን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ማዳመጥ ብቻም አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ማሽን ክፍሉ ገብተው፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው፣ የተባለውን በፊልሙ ላይ ይፈጽማሉ። ይበዛል የተባለው ያጥራል፣ ይጮኻል የተባለው ይቀንሳል፣ ደስ አይልም የተባለው ይወጣል። የተነገረውን እንዲህ በማግስቱ የሚያደርግ ኃላፊ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። የእኛ መሥሪያ ቤት የእርስዎን አሠራር ቢከተል ኖሮ ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ በውሃ ተጥለቅልቆ ግማሹ በጥም ባለቀ ነበር፤ ሁሉም ግን አስተያየቱ እንደተሰማለት እያወቀ።

ከዚህ ምስጋና ቀጥሎ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ) አስተያየቱ የሚሰበሰበው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሳይሆን መሐል ላይ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ነው። ምክንያትዎን ሰምቻለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ አውቶቡስ ስለሚሮጥ ማይክራፎኑ ፊት የሚቆም አይገኝም። እውነት ነው፤ ምድር ስትድን ቁጭ ብሎ ያየ ሰውም ቢሆን አውቶቡስ ካመለጠው የሚያድነው የለም። ይሁን እንጂ በዚህ አሠራር ሰዎች ስለ ፊልሙ የሚፈርዱት ባሕሩ ገና ከዳር በረዶ መሥራት ሲጀምር ነው። ምድር ትድናለች ወይስ አትድንም የሚለው ሳይታወቅ፣ አዳኞቿ ገና ከመንኩራኩሯ ሳይወጡ፣ ሕዝቡ ፈንዲሻውን እያኘከ ብያኔውን ሰጥቶ ይጨርሳል። እኔ በመስኮቴ ላይ ብዙ ችኩል ሰው አይቻለሁ። ውሃው ሳይጠፋ ስለ መጥፋቱ ሊከሰኝ የመጣ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

፪ኛ) ይህን የምለው በአሉባልታ እንዳይመስልዎ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ገብቼ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ከማይክራፎኑ ራቅ ብዬ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ክፍል ግን ለማየት አልታደልኩም። ምድር ልትጠፋ ስትል የእኛ ክፍለ ከተማ ዋና ቧንቧ ፈንድቶ ሁለታችንም በስልክ ተጠራን፤ ምድር ትቆይ፣ መስኮት ክፈቱ ተባልን።

መጀመሪያ የተናገሩት አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። አቧራ በዚያ ፍጥነት ፀሐይን ሊጋርድ እንደማይችል፣ የሳይንቲስቶቹ ማብራሪያም ከስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ጋር እንደማይስማማ አስረዱ። ማብራሪያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የገባ ተመልካች ምድር ለምን እንደቀዘቀዘች አያውቅም፤ ሰዎቹ ካፖርት መልበስ ስለወደዱ ብቻ ይመስለዋል። ቀጥሎ አንድ የታክሲ ሾፌር መንኩራኩሯ ከምድር እስክትርቅ የፈጀችው ጊዜ እጅግ እንደበዛበት፣ እሱ ቢሆን በዚያች ሰዓት ሁለቴ ደርሶ ይመለስ እንደነበር ተናገረ። እርስዎም ያን ክፍል አፈጠኑት። አሁን መንኩራኩሯ በእርግጥ ቶሎ ትደርሳለች፤ አዛዡ ግን በጫጩት ድምፅ ነው ትእዛዝ የሚሰጠው፣ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ የሚያደርገውን ንግግር ሰምቶ ያልሳቀ የለም።

ልጅዋን ያቀፈች እናት በረዶ የሆነው ባሕር ልጅዋን እንዳስፈራባት ተናገረች፤ ባሕሩ ወጣ። አንድ የጥርስ ሐኪም የመንኩራኩሯ ሞተር ጩኸት ከሥራ ውለው ለወጡ ሰዎች አይመችም አሉ፤ ድምፁ ቀነሰ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የጠፈርተኞቹ ልብስ ትከሻው ላይ ተጨማዶ መሰፋቱን እንደ ባለሙያ ማለፍ እንዳልቻለች ገለጸች፤ እርስዎም ምን እንዳደረጉ ባላውቅም ከዚያን ቀን ጀምሮ ምስሉ እየቀረበ የሁሉም ሰው አንገትና ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው። ከኋላ ወንበር የመጣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ፊልሙ ዘፈን እንደጎደለው አሳሰበ። ዘፈን ገባ። ከተሞቹ በሚጨልሙበት ሰዓት፣ ሕዝብ በሚሰደድበት ሰዓት፣ እጅግ ደስ የሚል የጭፈራ ዘፈን ይሰማል። ባልደረባዬ በሌላ ቀን ተመልሳ ገብታ ስታይ፣ ከጎኗ የተቀመጡ ባልና ሚስት ስደቱን ሽርሽር ነው ብለው ሲከራከሩ እንደነበር ነግራኛለች።

እያንዳንዱ አስተያየት ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም። መምህሩ ስለ መጽሐፋቸው፣ ሾፌሩ ስለ መንገዱ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ መርፌዋ ተናገሩ እንጂ ማንም ፊልሙን ቆራርጡት አላለም። ሰው በዕረፍት ሰዓት የሚናገረው አፉን ለማፍታታት ነው። እኛ በመስኮታችን ይህን እናውቃለን፤ ደንበኛ «መሥሪያ ቤታችሁ ይፍረስ» ባለ ቁጥር ግድግዳ አንነካም።

፫ኛ) አሁን ወደ ዋናው ሰው መጣሁ። ሰፈሩ «ነቢዩ» እያለ የሚጠራውን ሰውዬ ያውቁታል፤ የፊልሙን መጨረሻ ገና ሳይደርስ ለጎረቤቱ በጆሮው የሚናገረው ረጅሙ ሰውዬ ነው። በዚያች ቅዳሜ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለ፦ «ቀጥሎ የሚመጣውን እኔ አውቀዋለሁ። መካኒኩ ይወጣል፣ ሚስቱ በሬዲዮ ታለቅሳለች፣ እኛም ቁጭ ብለን እናለቅሳለን። እቤታችን የሚበቃ ለቅሶ አለን፣ ይቅርብን።» ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። እርስዎ አንገትዎን ነቀነቁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ሰው የተናገረው ገና ስላላየው ነገር ነው። በማግስቱ ግን እርስዎ ያላየውን አወጡለት። መካኒኩ ከመንኩራኩሯ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ መስታወቱ እስከተዘረጋበት ድረስ ያለው በሙሉ ተቆርጦ ቀረ። አሁን የሚታየው ይህ ነው፦ ማጠፊያው አልከፈትም ይላል፣ መካኒኩ የራስ ቁሩን አጥልቆ በሩን ይከፍታል፤ ወዲያው ምድር ላይ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሁሉም እያጨበጨበ ይተቃቀፋል። ማን ከፈተው፣ እንዴት ከፈተው፣ ሰውዬው የት ደረሰ፣ የሚል የለም። ምድር ዳነች። በምን እንደዳነች ግን የሚያውቁት እርስዎና የማሽን ክፍሉ ብቻ ናችሁ።

፬ኛ) እዚህ ላይ ይህ ሁሉ አንቺን ምን አገባሽ ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ያገባኛል። በቤቴ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አሉ፤ አባቴና እናቴ ናቸው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የሊፍት መካኒክ ነው። እድሜውን ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታበትና በቤት ዕቃ ላይ ተነሣ። የእናቴን ሬዲዮ፣ ትንሽ ስለሚንኮሻኮሽ ብቻ፣ ጠረጴዛ ላይ በትኖ መልሶ ገጠመው። ሲጨርስ ሦስት ብሎን ተረፈው። ሬዲዮው ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁን አላሰማም። አባቴ ብሎኖቹ መጀመሪያውኑ ያለ አግባብ የገቡ ናቸው ብሎ ድርቅ አለ። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። እናቴ ግን የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት በመጡበት ቀን፣ ሻይ እያቀረበች፣ «እንኳን ጡረታ ወጣ፣ ሊፍት ውስጥ የሚገባውን ሕዝብ እግዜር ሊያተርፈው ነው» ብላ ጣል አደረገች። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ ሳቀ። እንግዶቹ እንደወጡ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያን ዕለት ወዲህም አላናገራትም። እሷም ይቅርታ የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ አላት። እንደምወዳት ሁሉ፣ ግትርነቷንም አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ የፊልሙ አዛዥ ኑሮ ነው። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ምሳ ቀርቧል።» «ለእናትሽ ንገሪያት፣ አልራበኝም።» «ንገሪው እስቲ፣ ካልራበው ማንኪያውን ለምን ያዘ?» ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው ይህን የሚሉት፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ። ቀን ቅሬታ እቀበላለሁ፣ ማታ ቅሬታ አመላልሳለሁ። ለማታው ደመወዝ የለውም።

እናቴ ይህን ፊልም ያየችው መጀመሪያ ሰሞን፣ አስተያየት ሳይደርስበት በፊት፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ገብታ ነው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ስላት፣ በፊልሙ ውስጥ በሰው በኩል መላኩን ትታ ባሏን በቀጥታ ያናገረችው ሴት እንዳለች ብቻ ነገረችኝ። ምን ብላ ስላት፣ ይህ የሚነገር ሳይሆን የሚታይ ነው አለችኝ። ከዚያም አባቴ ጋዜጣ ወደሚያነብበት ሄዳ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በራሷ አፍ፣ «አንተም ብታየው ጥሩ ነበር» አለችው። ጋዜጣው ዝቅ አለ። በማግስቱም ጫማውን ሲጠርግ አየሁት። ያን ዕለት ደስታዬን እንዴት ልንገርዎ። እነዚያን ቃላት ከአፏ ለማውጣት ስንት ቀን እንደታገለች እኔ አውቃለሁና።

ያ ክፍል መቆረጡን ገና ሳልሰማ፣ ሦስታችን ቀን ጠብቀን ገባን። እናቴ ለሠርግ የምትለብሰውን ልብስ ለብሳለች። አባቴ ጢሙን ተላጭቷል። በመሐላቸው ተቀመጥኩ። ስደቱ በጭፈራ ታጅቦ ሲያልፍ እናቴ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞር አለች፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም አለችኝ። አዛዡ በጫጩት ድምፅ ሲናገር አባቴ ፈገግ አለ። ማጠፊያው አልከፈትም ሲል እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «አሁን ነው፣ አሁን ነው» አለችኝ። መካኒኩ በሩን ከፈተ። ወዲያው ጭብጨባ ሆነ። መብራቱ በራ፤ እናቴ ቆማ ነጩን መጋረጃ እያየች ቀረች።

አባቴ ምን እንዳየ ይገምቱ። አንድ መካኒክ ሊጠግን ይወጣል። ከዚያ በኋላ የለም። እሱ በሌለበት ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀም የለም። ሚስቱ ተላጭተህ፣ ጫማህን ጠርገህ ናና እይልኝ ያለችው ይህንን ነው። ደጃፋችን ስንደርስ ቀስ ብሎ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ መልእክቱ ደርሶኛል» አለኝ። እናቴ እንዲህ አልነበረም፣ ሴትዮዋ ነበረች፣ ቆርጠውት ነው ብትል ማን ይስማት? እኔም ራሴ ያላየሁትን ምን ብዬ ልመስክር? «አንቺ መቼም የእናትሽ ልጅ ነሽ» ብሎ አለፈኝ።

አሁን በመጪው እሁድ ሌላ ከተማ ወዳለው ታናሽ ወንድሙ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ልብሱን ቢያሰናዳ ጥየቃ ነው ብዬ እተወው ነበር። ያሰናዳው የመሣሪያ ሣጥኑን ነው። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በዘይት ጠርጎ አስቀምጧቸዋል። መሣሪያውን ይዞ የሚሄድ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ እናቴም ታውቃለች፤ ማጀት ውስጥ የምታጥበውን ሳህን ደግማ ደግማ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ይህን ቃል እየቀለድኩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

፭ኛ) ይህን ለማስረዳት ወደ ሲኒማ ቤትዎ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ያሉት ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። አስተያየት የሚሰጠው በዕረፍት ሰዓት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚህም በላይ የተቆረጠውን ክፍል ስላላየሁት ስለ እሱ አስተያየት ልሰጥ እንደማልችል አስረዱኝ። ሕጉ ጥሩ ነው። ነቢዩ ማይክራፎኑን በያዘ ጊዜ ይህን ሕግ የሚያስታውስ ሰው ዕረፍት ወጥቶ እንደነበር እገምታለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይህ ነው። ምስጋናዬን ግን ሳላቀርብ ብቀር ንፉግ እባላለሁ። ከአስፈሪ ፊልም ፍርሃቱን፣ ከሚያስለቅስ ፊልም ለቅሶውን አውጥተው አየር ላይ ስላንጠለጠሉን እናመሰግናለን። ተመልካች ይደሰት ዘንድ ምድርን ገና አደጋ ሳይደርስባት ስላዳኑልን እናመሰግናለን። አባቴም ሬዲዮ ሲገጥም ብሎን እንደተረፈው ነግሬዎታለሁ፤ ነገር ግን እሱ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ይዘፍናል ብሎ ለማንም ትኬት አልሸጠም።

ልመናዬ አጭር ናት። ፊልሙ በእሁድ ከከተማችን እንደሚወጣ ለጥፋችኋል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በአንዱ፣ ሰው በማይበዛበት በከሰዓቱ ፕሮግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደመጣ ያሳዩልን። ድምፁ ይጩኽ፣ መንኩራኩሯ ትዘግይ፣ የተጨማደደው ትከሻም ይታይ። ማልቀስ የማይሻ ሰው ካለ ውጭ ቆሞ ፈንዲሻ ይብላ። ሁለቱን ወንበሮች እኔ እይዛለሁ። መሐላቸው ግን አልቀመጥም።

ለሚሰጡኝ ቀና መልስ ከወዲሁ አመሰግናለሁ። መልስ ባይሰጡኝም አልቀየምም፤ ለቅሬታ መልስ ያለመስጠትን ጥበብ እኛ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ስንሠራበት ስለኖርን ወግና ማዕረጉን አውቃለሁ። ለእርስዎ ጤና፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ለማይክራፎንዎ ደግሞ ትንሽ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣ የግማሽ ፊልም ተመልካች፣ በቀን የውሃ በማታ የኩርፊያ ቅሬታ ተቀባይ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ከመላኬ በፊት የቃሉን አጣጣል ለመስማት ደብዳቤውን ሳሎን ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባቴ ጋዜጣው ውስጥ ነበር። አራተኛው ቅሬታ ጋ ስደርስ ጋዜጣው መገለጡን አቆመ። ስጨርስ ተነሣና፣ እኔን ሳይልክ፣ በራሱ እግር ወደ ማጀት ሄዶ፣ «ሴትዮዋ ለመካኒኩ ምን አለችው?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። እሷም እጇን ከሳህኑ ሳታወጣ፣ የአዛዡ ሬዲዮ ተበላሽቶ በመሐላቸው ሰው ሲጠፋ፣ ያቺ ሴት እንባ ሳትል፣ ምድር ሳትል፣ መጀመሪያ ያለችው «ጓንትህን አድርገሃል?» እንደሆነ ነገረችው። አባቴም መካኒኩ አድርጎ እንደሆነ ጠየቃት። የግራውን ረስቶታል አለችው። ለምን ረሳ ቢላት፣ ሲጣደፍ ነዋ፣ እንደ አንተ አለችው፤ ቀጥሎም ድምፁ ዝቅ ያለ ሌላ ነገር አለችው፤ እሱ ሳቀ፣ ከዚያም የማጀቱ በር ተዘጋብኝ። እስካሁን እያወሩ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ንግግር ያን ያህል ሊረዝም አይችልም።

ስለዚህ ሁለቱን ወንበሮች ለሌላ ሰው ሊሸጧቸው ይችላሉ፤ እነሱ አይመጡም። እኔ ግን በሩ ስለተዘጋብኝ መካኒኩ ተመልሶ ይግባ አይግባ አልሰማሁም። ይህቺን ብቻ እባክዎ ይንገሩኝ። ወይስ እርስዎም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያዩት ነው የቆረጡት?